የአበልጅ ውሻ

የጋሽ አምሀ ውሻ ነብሮ ይባል ነበር። ስም ብቻውን ነብር አያደርግምና የቀረውን ጋሽ አምሀ በእጃቸው ሠሩት። ገና ቡችላ ሳለ ጆሮዎቹን በምላጭ አስቆረጡ፤ ጆሮው የተቆረጠ ውሻ ቁጡ ይሆናል ይባላል። አጥንት ሲጣልለት ሚጥሚጣ ይነሰነስበታል፤ ይህም ያው ለቁጣው ነው። ከዚያ ከግቢያቸው ጥግ፣ ከቅንጭቡ አጥር ሥር፣ ባዶ የናፍጣ በርሜል አጋድመው በአጭር ሰንሰለት አሰሩት። የበርሜሉን አፍ ወደ አጥሩ አዞሩት። ቀን ሰው የሚያይ ውሻ ሰው ይለምዳል፣ ሰው የለመደ ውሻ ለሌባ ጭራውን ይቆላል፣ ስለዚህ ነብሮ ከቅንጭብ በቀር ምንም ማየት የለበትም። በነገሌ ቀትር የብረት በርሜል ውስጥ መዋል ምን እንደሆነ ያልገባው ካለ፣ እጁን በርሜሉ ላይ አሳርፎ ይሞክረው።

ይህን ያደረገው ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ረግሞ ማለፍ ነው። ችግሩ ጋሽ አምሀ ደግ ሰው መሆናቸው ነው። የእህል ነጋዴ ናቸው። በድርቁ ጊዜ መጋዘናቸውን ከፍተው ለማያውቁት ሰው በቆሎ ሰፍረዋል። የእድር ሰብሳቢ እንደመሆናቸው ሰው ሲሞት ከድንኳኑ ቀድመው ይደርሳሉ። ውሻውንም ቢሆን የሚጠሉት አልነበሩም። አባታቸው ውሻ ያሳደጉት እንዲህ ነበር፣ እሳቸውም እንዲሁ አሳደጉ።

ከቅንጭቡ ማዶ የምትኖረው ወለተሐና ናት። ጡረታ የወጣች የሳይንስ መምህርት፤ የከተማው ግማሽ ተማሪዋ ነበር፣ ሌላው ግማሽ ደግሞ የተማሪዋ ልጅ ነው። ባሏ ወልደሚካኤል ያቤሎ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ ሲሞት፣ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዘው አስከሬኑን ያመጡላት ጋሽ አምሀ ናቸው። ከዚያም በፊት ልጇን ቃለአብን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ጎረቤት ብቻ አይደሉም፤ አበልጅ ናቸው። አበልጅ ለአበልጁ ክፉ ቃል አይወጣውም፤ ከወጣውም ሰው ጉድ ይለዋል። ወለተሐና ደግሞ ሰው ጉድ ከሚላት መሬት ብትውጣት የምትመርጥ ሴት ነበረች።

እሷም ውሻ አላት፤ ቡቺ። ቡቺ ታስሮ አያውቅም፤ ተመትቶም አያውቅም። ወለተሐና ባሏ ከሞተ በኋላ ቤቱ ጭር ሲልባት እሱን ማስተማር ጀመረች። መዳፏን ከፍ አድርጋ ታነሳለች፤ ቡቺ ቁጭ ይላል፤ ወዲያው ቁራሽ ዳቦ። እጇን ስታወርድ ይነሳል፤ አሁንም ቁራሽ። ካጠፋ ጀርባዋን ታዞርበታለች እንጂ አትቆጣም። እጇ ሲነሳ ጥሩ ነገር እንደሚመጣ እንጂ ሌላ እንዳለ ቡቺ አያውቅም ነበር። የሰፈሩ ሰው ይህን ለማየት በር ላይ ይቆም ነበር። ጋሽ አምሀም አይተው ስቀዋል።

«አበልጄ፣ ይሄን ውሻ ዳዊት ሳያስደግሙት አይቀሩም» አሏት።

«ለነብሮም አንድ ቀን ላስተምርልዎ?» አለች፤ ቀልድ አስመስላ።

«የኔው መሃይም ሆኖ ይቅር። መሃይም ነው የሚጠብቀኝ።»

አብረው ሳቁ። ወለተሐና ቤቷ ገብታ ለብዙ ሰዓት ከራሷ ጋር ተጣላች። ስትስቅ ነብሮ ከቅንጭቡ ማዶ እያቃሰተ ነበር፤ ሰምታዋለች።

ማቃሰቱ የባሰው ከክረምቱ ወዲያ ነው። ጩኸት አይደለም፤ የጥርስ ሕመም ያለበት ሰው በእንቅልፍ ልቡ የሚያሰማው ዓይነት ነው። በቅንጭቡ መሀል አጮልቃ ስታይ አንገቱ ቆስሎ ሰንሰለቱ ሥጋው ውስጥ ገብቷል፤ ዝንብ ወሮታል። በዚያው ሰሞን ሲፋን ለቡቺ የእብድ ውሻ ክትባት ልትሰጥ መጣች። ሲፋን የከብት ጤና ባለሙያ ናት፤ ወለተሐና ሰባተኛ ክፍል ያስተማረቻት። ወለተሐና እጇን ይዛ ወደ አጥሩ ወሰደቻት።

ሲፋን ጎንበስ ብላ አየች። ስትነሳ ፊቷ ተለውጦ ነበር።

«ቲቸር፣ ይሄ ውሻ እየተሠቃየ ነው። ቁስሉ ትል ሊያፈራ ምንም አልቀረውም። አብረን እንሂድና እናናግራቸው። እኔ እንደ ሥራዬ እነግራቸዋለሁ፣ አንቱ ደግሞ እንደ ዘመድ። የአንቱን እምቢ አይሉም።»

«ተይ ልጄ። አንቺ የመንግሥት ሰው ነሽ። ይዛብኝ መጣች፣ ከሰሰችኝ ይላሉ። እኔው ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

«ይነግሯቸዋል?»

«እንዴ፣ ምን ችግር አለው።»

ሲፋን ለቁስል የሚሆን ቅባት ሰጥታት ሄደች።

በማግሥቱ ወለተሐና ነጠላዋን አጣፍታ የጋሽ አምሀን በር አንኳኳች። የምትለውን ሌሊቱን ስታጠናው አድራለች። ጋሽ አምሀ ከወንበራቸው ተነስተው እጅ ነሱ፤ ራሳቸው ከተቀመጡበት ወንበር ላይ አስቀመጧት፤ ሻይ በወተት ታዘዘ። የቃለአብን ደኅንነት ጠየቁ። የወልደሚካኤልን ነፍስ ይማር አሉ። በእሱ ቀብር የለበሱትን ካፖርት እስከ ዛሬ ለሌላ ለቅሶ እንዳልለበሱት ነገሯት። ሰው እንዲህ ሲያደርግልሽ ምን ብለሽ ነው አፍሽን የምትከፍቺው? ወለተሐና ሻዩን ጠጣች፣ ጠጣችና፣ «ነብሮ... እንዴት ያለ ግርማ አወጣ» አለች።

«ምርቃትዎ ነው» አሉ ጋሽ አምሀ ደስ ብሏቸው።

ሲፋን በሳምንቱ መንገድ ላይ አግኝታት፣ «ነገሯቸው?» ብትላት፣ «ነገርኳቸው፤ እሺ ብለዋል» አለቻት። ሲፋንም አመነች። መምህርቷ ትዋሻለች ብሎ ማን ያስባል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የዚህች ውሸት ልጅ ነው። ፊት ለፊት መናገር ያቃታት ሴት በጓሮ መሥራት ጀመረች። ጋሽ አምሀ ወደ መጋዘናቸው ከሄዱ በኋላ ቅንጭቡን ገለጥ ታደርግና ትንበረከካለች። የቅንጭቡ ወተት እጇን ያቃጥላታል፤ ዐይኗ እንዳይገባ ነጠላዋን ትሸፋፈናለች። መጀመሪያ ነብሮ ሊበላት ነበር የተነሳው። ዳቦውን ወርውራ ዝም ብላ ተቀመጠች። በማግሥቱም ወረወረች። ቀን ሰው እንዳያይ ወደ ቅንጭብ ያዞሩት ውሻ ከቅንጭቡ መሀል በየቀኑ አንዲት ሴት ብቅ ስትልበት ምን ያድርግ? ለመዳት። ከእጇ በላ። አንገቱን ሰጣት፤ ቅባቱን ቀባችው፣ ሰንሰለቱን አላላችለት። ቁስሉ ሲደርቅ መዳፏን አነሳችለት።

መጀመሪያ እጅ ሲነሳ የሚያውቀው ዱላን ነበርና ወደ በርሜሉ ጥልቅ አለ። ወለተሐና እጇን አንስታ ጠበቀች። እንደ ቡቺ ቶሎ አልገባውም፤ ሲገባው ግን ከቡቺ በለጠ። እጇ ከፍ ሲል ቁጭ ብሎ ዐይን ዐይኗን ያያል፤ የቀረችው የጆሮ ጉቶ ትንቀጠቀጣለች። ዳቦውን ከመብላቱ በፊት እጇን ይልሳል። ወለተሐና እንደዚያ ደስ ብሏት አታውቅም፤ ሳይንስ አስተምራ የማታውቀውን ደስታ አየች። «አየህ? እጅ ለዱላ ብቻ አይደለም የሚነሳው» ትለው ነበር።

አንድ ነገር ግን ታየ። ነብሮ መጮህ አቆመ። ጋሽ አምሀ ማታ ሲመለሱ ይራገማሉ፤ ሚጥሚጣው በዛ፤ አንዳንዴም የቀበቶ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ማቃሰቱ። ወለተሐና ቤቷ ተቀምጣ ትሰማለች። «ነገ ነገ እነግራቸዋለሁ» ትላለች። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው። ይነቅዛል እንጂ። የጋሽ አምሀ መጋዘን ውስጥ ከነቀዘው በቆሎ ሁሉ የባሰ ይነቅዛል።

ጋሽ አምሀ ቤተሰባቸውን ይዘው ያቤሎ ለሠርግ የሄዱ እሁድ፣ ወለተሐና ቤተ ክርስቲያን ሳለች፣ ሌባ ጋሽ አምሀ ቤት ገባ። በጠራራ ፀሐይ በበር ገብቶ በበር ወጣ። ቴሌቪዥኑንና የባለቤታቸውን የአንገት ወርቅ ወሰደ። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት ሙኒራ ቴሌቪዥን ተሸክሞ ሲወጣ አይታዋለች።

«ምነው ታዲያ አልጮህሽም?» ሲሏት፣

«ውሻው ዝም ሲል ቤተኛ መሰለኝ፤ ለጥገና የሚወስደው ነው ብዬ» አለች።

በርሜሉ አጠገብ የተገመጠ ዳቦ ተገኘ። ሰፈሩ ለአንድ ሳምንት ሌላ ወሬ አልነበረውም። የአምሀ ነብር በዳቦ ተገዛ፤ የአምሀ ነብር ሌባ ሸኘ። የእድሩ ስብሰባ ላይ ሳይቀር አንዱ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሲስቅ ጋሽ አምሀ አይተውታል። ወርቁ አልነበረም ያንገበገባቸው፤ ሳቁ ነው።

አንድ ጠዋት የሀላኬ አይሱዙ በራቸው ላይ ቆመ። ሀላኬ የቦረና ልጅ ነው፤ የጋሽ አምሀን እህል ያመላልሳል። ነብሮን ጎትተው ከበርሜሉ አውጥተውት መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ሰንሰለቱን ቢስቡት አይነሳም። ወለተሐና ድምፅ ሰምታ ወጣች።

«ወዴት ነው ጋሽ አምሀ?»

«አሬሮ ልልከው ነው፣ አበልጄ። እዚያ ፍየል ያለው ወዳጅ አለኝ። እዚህ አልሆነም፤ እዚያ ሰፊ ሜዳ አለ፣ ይቦርቅ።» ይህን ሲሉ ሀላኬን አላዩትም፤ እሱም ጎማውን ነው የሚያየው።

አሁን ነበር ሰዓቱ። «ለእኔ ይስጡኝ» ማለት ብቻ ነው፤ ሁለት ቃል። ምላሷ ላይ መጥታ ነበር። ግን ነብሮ ግቢዋ ቢገባ እግሯ ሥር ይወድቃል፣ እጇን ይልሳል፣ እጇ ሲነሳ ቁጭ ይላል። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ይሄ ትምህርት የማን እንደሆነ ያውቃል። የአበልጇን ቤት ያስዘረፈችው ወለተሐና ናት ይባላል። አሬሮ ሰፊ ሜዳ አለው ብላ ለራሷ ነገረችው፤ ፍየል ይጠብቃል፣ ወተት ይሰጡታል። ማመን የፈለገ ሰው ለማመን ብዙ አይቸገርም።

«እርስዎ ውሻ ያውቃሉ» አሏት ጋሽ አምሀ፤ «እስቲ ይርዱን፣ እምቢ አለን።»

ወለተሐና ቀረብ አለች። ነብሮ ሲያያት ተነሳ። ሰንሰለቱን ከሀላኬ ተቀብላ ወደ አይሱዙው ጫፍ ወሰደችው፤ የጭነቱን ሳንቃ በእጇ መታ መታ አደረገች። ዘሎ ወጣ። መዳፏን አነሳች። ባዶ ጆንያዎቹ ላይ ቁጭ አለ፤ ዐይን ዐይኗን እያየ ዳቦውን ጠበቀ። ዳቦ አልያዘችም ነበር።

«ጉድ እኮ ነው» አሉ ጋሽ አምሀ። አይሱዙው ሲሄድ ነብሮ አልተነሳም። ቀዩ አቧራ እስኪሸፍነው ድረስ ቁጭ እንዳለ ነበር፤ ተነስ ያለው የለምና።

ሀላኬ ሲመለስ እህሉን አራግፎ ሳያበቃ ወደ ወለተሐና በር መጣ። ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

«አካም፣ ኣዴ። ናጋ?» አላት፤ እማማ፣ ሰላም ነው ማለቱ ነው።

«ናጋ፣ ሀላኬ። ውሻው በደኅና ደረሰ? አሬሮ ተስማማው?»

ሀላኬ መሬት መሬት አየ። «አሬሮ ውሰደው ያለኝ የለም እኔን። ኦቦ አምሀ ለብቻ ጠርተው፣ ‹የዳዋን ወንዝ ሳትሻገር ጨርሰው፤ በሕይወት ከጣልከው ጅብ ነው የሚጫወትበት› አሉኝ። አደራ አሉኝ። ለአንቱ እንዳልነግርም አደራ አሉኝ፤ ይሄን ግን አልቻልኩም።»

ወለተሐና የበሩን መቃን ያዘች።

«ኣዴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ ነው የመጣሁ። ሰሬ፣ ውሻ ማለቴ፣ ሲመቱት ይሸሻል፤ ካልሸሸ ይነክሳል። እኔ ከልጅነቴ ከሰሬ ጋር ነው ያደግሁ። ብረት ይዤ እጄን አነሳሁ። ይሄ ቁጭ አለ። ዐይን ዐይኔን እያየ ጭራውን ይቆላል። ደነገጥኩ፣ እጄን አወረድኩ። ተነሳ። እንደገና አነሳሁ። ቁጭ አለ።» ቀና ብሎ አያት። «ምንድን ነው ያስተማሩት?»

«ከዚያስ?» አለች ወለተሐና።

«ከዚያማ... አደራ ብለውኛል፣ ኣዴ። የሰው እንጀራ ነው የምበላው። ዋቃ ይቅር ይበለኝ።»

ኮፍያውን አድርጎ ሄደ።

ወለተሐና ነጠላዋንም አላጣፋችም። እንደቆመች የጋሽ አምሀን በር ገፋች። በዕድሜዋ ሳታንኳኳ የሰው ቤት ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። ጋሽ አምሀ ደጅ ተቀምጠው ነበር፤ ሲያዩዋት ከወንበራቸው ተነሱ።

«ጋሽ አምሀ፣ እኔ ነኝ» አለች። «ውሻውን ያለማመድኩት እኔ ነኝ። በቅንጭቡ መሀል ዳቦ እየሰጠሁ እኔ ነኝ ያሰነፍኩት። ምን አጠፋ እሱ? ለእኔ አይነግሩኝም ነበር?»

ጋሽ አምሀ አልደነገጡም። በፊታቸው ላይ የታየው እፍረት ነበር፤ እሱም የእሷን እፍረት አይቶ የሚያፍር ሰው እፍረት።

«አውቃለሁ፣ አበልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ከመስቀል ሰሞን ጀምሮ አውቃለሁ። ዕቃ ረስቼ ስመለስ እጅዎን በቅንጭቡ መሀል አየሁት።»

«ታዲያ ምነው?»

«ምን ልበልዎ? እጅዎን ከውሻዬ ላይ ያንሱ ልበል? ለአበልጄ? ለወልደሚካኤል ሚስት? ይተዉት ይሆናል እያልኩ ጠበቅሁ። ውሻው ራሱ ይመለስ ይሆናል ብዬ ቆነጠጥ አደረግሁት።»

ቆነጠጥ የተባለው ቀበቶው ነው። ለእሷ ሊሏት ያልደፈሩትን ቃል በየማታው በውሻው ጀርባ ላይ ጽፈውታል። እሷም ለእሳቸው ልትናገር ያልደፈረችውን በየቀኑ በዳቦ ስታጎርሰው ከርማለች። ሁለት ጨዋ ሰዎች እንዳይቀያየሙ ሲሉ በመሀላቸው ያለው ፍጥረት ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ።

«አሬሮ ያልኩትም ለእርስዎ ብዬ ነው» አሉ ጋሽ አምሀ። «እንዳይከፋዎ። ሀላኬ አፉን ባይከፍት...»

ወለተሐና ልትመልስ ስትል አንድ ነገር ሲያለቃቅስ ሰማች። ዞር ብላ አየች። በርሜሉ ከቅንጭቡ ሥር ተነስቶ ከወዲያኛው የድንጋይ አጥር ዘንድ ተጋድሟል። አጠገቡ ጡት የጣለ ቡችላ ታስሯል፤ የጆሮዎቹ ጫፍ አመድ ተነስንሶበታል፤ ደሙ ገና አልደረቀም።

«ቦታውን ለወጥኩት» አሉ ጋሽ አምሀ፤ ድምፃቸው ውስጥ ተንኮል የሚባል ነገር አልነበረም። «እንደገና እንዳንቀያየም ብዬ ነው።»

ቡችላው አያት። ወለተሐና አፏን ከፈተች። አሁን ትለዋለች፤ አሁን ካላለች መቼም አትልም፤ ይህን እሷም ታውቀዋለች። ጋሽ አምሀ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በወልደሚካኤል ቀብር እንደቆሙት ሆነው፣ የምትለውን ይጠብቃሉ።

«ያሳድግልዎ» አለች።

«አሜን፣ አበልጄ። አሜን።»

ቤቷ ተመልሳ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። እንባው ያን ጊዜ ነው የመጣው። ልትጠርገው እጇን ወደ ፊቷ አነሳች። ቡቺ ከነበረበት ሮጦ መጥቶ ከፊቷ ቁጭ አለ፤ ዐይን ዐይኗን እያየ ዳቦውን ይጠብቅ ጀመር።